የስታዲየም ማኅበራዊ ሚዲያ በደሴና በኮምቦልቻ

የስታዲየም ማኅበራዊ ሚዲያ ማለት የስፖርት ውድድር በሚካሄድበት ቦታ የተገኙ ተመልካቾች ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ እርስ በርሳቸው፣ ከክለባቸው እና ሜዳ ካልገቡ ደጋፊዎች ጋር ውጤት፣ አስተያየት፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚለዋወጡበት ቴክኖሎጂ ነው። ከተራ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም የሚለየው ለአንድ ቦታና ለአንድ ሰዓት ተብሎ የሚሠራ መሆኑ ነው። አንድ መልእክት ጎሉ ከገባ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከደረሰ ዋጋ የለውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስልካቸውን ያወጣሉ።

በደቡብ ወሎ ዞን ባሉት በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ይህን ሥራ የሚሠሩት የቴሌግራም ቡድኖች፣ የፌስቡክ ገጾች እና ከሜዳ ወደ ቤት የሚደረግ የስልክ ጥሪ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች ለሜዳ የሚሆን መተግበሪያ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ዋናው ፈተና የመተግበሪያው ውበት አይደለም። ኔትወርክ በሚጨናነቅበት፣ ዳታ በሚወደድበት እና ኢንተርኔት ለወራት ሊቋረጥ በሚችልበት አካባቢ ምን ሊቆም ይችላል የሚለው ነው።

አመጣጥ

ቴክኖሎጂው የጀመረው ከትላልቅ የሰሜን አሜሪካ ስታዲየሞች ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሪያ ናራሲምሃን ከተማሪዎቻቸው ጋር በፒትስበርግ የበረዶ ሆኪ ሜዳ የጀመሩት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 ዪንዝካም የተባለ ኩባንያ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሜዳ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጠው ያነሰ ያያል፣ የጎሉን ድጋሚ ምስል አያገኝም፤ ስለዚህ ድጋሚው በስልኩ ይድረሰው። ኩባንያው በኋላ ለበርካታ የእግር ኳስ፣ የቅርጫት ኳስና የሆኪ ክለቦች መተግበሪያ ሠራ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ሊቫይስ ስታዲየም ወደ 1,200 ገደማ የዋይፋይ ማሰራጫዎች ተገጥመውለት ነበር፤ ብዙዎቹ ከወንበር ሥር የተቀመጡ ናቸው። በዚያው ዓመት በብራዚል የዓለም ዋንጫ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ባሸነፈችበት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ትዊተር ላይ 35.6 ሚሊዮን መልእክቶች ተላልፈዋል። ብዙዎቹ የተላኩት ግን ከሜዳው ሳይሆን ቴሌቪዥን ፊት ከተቀመጡ ሰዎች ነው። ይህ ልዩነት ለወሎው ጉዳይ ይጠቅማል፦ ስለ ጨዋታ የሚያወራው ሕዝብ ሁልጊዜ ሜዳ ውስጥ ካለው ይበልጣል።

የኔትወርክ መጨናነቅ

ሜዳ ሄዶ «ኔትወርክ የለም» ያላለ ደጋፊ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ምልክት አለመኖር አይደለም፤ ስልኩ ላይ አራቱም መስመር ሞልቶ ሳለ መልእክት አይሄድም። አንድ የሞባይል አንቴና የሚሸፍነው አቅጣጫ (ባለሙያዎች ሴክተር ይሉታል) ያለውን አቅም በዚያ ሰዓት ለተገናኙት ሁሉ ያካፍላል። በተለመደ ቀን በሜዳው ዙሪያ ያሉትን ቤቶችና ሱቆች ያገለግላል። የጨዋታ ቀን ደግሞ ሺዎች ይጨመሩበታል።

ከሁሉ የሚከብደው የሚወርደው ሳይሆን የሚላከው መረጃ ነው። የሞባይል ኔትወርክ በአመዛኙ የተሠራው ሰው ከሚልከው በላይ እንደሚያወርድ ታሳቢ ተደርጎ ነው፤ በስታዲየም ውስጥ ግን ሁሉም ቀራጭና ላኪ ይሆናል። በቁጥር ለማየት ያህል፣ 300 ደጋፊዎች እያንዳንዳቸው 20 ሜጋባይት የሆነ ቪዲዮ በ15 ደቂቃው ዕረፍት ውስጥ መላክ ቢፈልጉ ጠቅላላው 6,000 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን ለማድረስ በሴኮንድ 53 ሜጋቢት ያህል ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት። የአንድ የ4ጂ ሴክተር የመላኪያ አቅም በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት በንድፈ ሐሳብ ከ50 እስከ 75 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ሌሎቹ ሺዎች ደግሞ ገና አልተቆጠሩም። በአንጻሩ 5,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎባይት የሆነ ጽሑፍ ቢልኩ ጠቅላላው 5 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ማለትም ከአንዱ ደጋፊ ቪዲዮ ሩቡ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሜዳ የሚሠራ መተግበሪያ ጽሑፉን ወዲያው ልኮ ቪዲዮውን ደጋፊው ቤቱ እስኪደርስ በስልኩ ላይ ቢያቆየው ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ይጠቅማል።

ባለጸጋ ክለቦች ችግሩን በገንዘብ ይፈቱታል፦ በስታዲየሙ ውስጥ የተበተኑ ትናንሽ አንቴናዎች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዋይፋይ ማሰራጫዎች፣ በጭነት መኪና የሚመጣ ጊዜያዊ የሞባይል ጣቢያ። ማሰራጫው ከወንበር ሥር የሚደረገው የሰው አካል የሬድዮ ሞገድን ስለሚመጥ ነው፤ የተጨናነቀ ሕዝብ ራሱ ግድግዳ ሆኖ አንዱን ማሰራጫ ከሌላው ይለያል፣ እርስ በርስም አይረባበሹም። በደሴ ደግሞ የመሬቱ አቀማመጥ ተጨማሪ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ወጣ ገባ በሆነ ቦታ ላይ የተሠራች በመሆኗ አንዱ ሰፈር ጥሩ ሲያገኝ ቀጥሎ ያለው ጉብታ ጥላ ሊሆንበት ይችላል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ሜዳማ ሸለቆ ስለተዘረጋች በዚህ በኩል ይቀላታል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የጨዋታ ወሬ በስልክ መድረስ የጀመረው ለስታዲየም ከተሠራ መተግበሪያ ሳይሆን ከስፖርት ድረ ገጾች ነው። ሶከር ኢትዮጵያ የተባለው የአማርኛ ድረ ገጽና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቹ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያሉትን ውድድሮች ጭምር ይከታተላሉ። «ቅድመ ዳሰሳ» እና «ሪፖርት» የሚሉት የርዕስ መነሻዎቹ ለብዙ የኳስ አንባቢ የተለመዱ ናቸው። የአውሮፓ ኳስ በየዲኤስቲቪ ቤቱ በሚታይበት አገር የአንድ የክፍለ ሀገር ክለብ ደጋፊ ስለ ክለቡ በጽሑፍ የሚያገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ገጽ ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በሱፐርስፖርት በኩል በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። ስምምነቱ የአምስት ዓመትና የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጨዋታዎቹም ክለቦች በየከተማቸው ከሚጫወቱበት ሥርዓት ወጥተው ሁሉም ቡድኖች ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሆኑ፤ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናግደዋል። ለቴሌቪዥን ሥራ ይመቻል። ደጋፊውን ግን ከክለቡ አራቀው፤ የራሱን ቡድን በራሱ ሜዳ ማየት የለመደ ሰው ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ቀረ።

ብሔራዊ ቡድኑም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳር ስታዲየምን ከደረጃ በታች ነው ብሎ ካገደ በኋላ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር መጫወት ያዙ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉት በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ሜዳውን የሞላ የአገር ደጋፊ በሌለበት እንዲህ ያለው ድል የተከበረው በስልክ ላይ ነበር። ስታዲየም የሌለው የስታዲየም ማኅበራዊ ሚዲያ ማለት ይቻላል።

ደሴና ኮምቦልቻ

ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተገናኙ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የምትገኘው ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ናት። በእግር ኳስ ደሴ ከተማ እና ወሎ ኮምቦልቻ የተባሉት ክለቦች ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ተጫውተዋል። በደሴ ሆጤ በሚባለው ሰፈር ያለው ሜዳ ከኳስ ሌላ ትላልቅ ሕዝባዊ ስብሰባዎች የሚካሄዱበት ነው።

የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ ከፕሪሚየር ሊጉ በተለየ በቴሌቪዥን እምብዛም አይታይም፤ ይህ ለዚህ ቴክኖሎጂ በጣም አስፈላጊው ነጥብ ነው። የፕሪሚየር ሊግን ጨዋታ ከወንበር ሆኖ በፌስቡክ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው መብቱን የገዛውን ድርጅት ይነካል፤ የአንድ ከፍተኛ ሊግ ጨዋታን በስልኩ የሚቀርጽ ደጋፊ ግን ብዙ ጊዜ ለዚያ ጨዋታ ብቸኛው ካሜራ ነው። ቡድኑ ርቆ ሲጫወት ከቡድኑ ጋር የተጓዙት ጥቂት ሰዎች የከተማው ሁሉ ዓይን ይሆናሉ። በአዲስ አበባ፣ በዓረብ አገራትና በአሜሪካ ያለው የወሎ ተወላጅም ውጤቱን የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። አንድ ወጣት የቡድኑን ልምምድ፣ አሰላለፉንና ጎሉን በሦስት መስመር ጽፎ ሲለጥፍ የሚሠራው ሥራ በሌላ አገር አንድ የክለብ የመገናኛ ክፍል የሚሠራው ነው፣ ያለ ደመወዝ።

በአካባቢው የቴክኖሎጂ ሙያተኛም አለ። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው በደሴ ሲሆን የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ተማሪዎችን ያስተምራል። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ከግቢው ብዙ ሳይርቅ የእውነት ተጠቃሚ፣ የእውነት ችግርና በየሳምንቱ የሚደገም መሞከሪያ ሜዳ አለው ማለት ነው። የሆስፒታል ወይም የባንክ ሥርዓት መሞከር ፈቃድና ምሥጢር ይጠይቃል። በሜዳ ግን ስህተት ቢፈጠር የሚጠፋው አንድ የተሳሳተ ውጤት ነው፤ ደጋፊውም በሴኮንድ ውስጥ ያርመዋል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ

ከሌላው ዓለም የተገለበጠ ንድፍ በወሎ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው መተግበሪያ ኢንተርኔት መኖሩን አይጠይቅም፤ እንደ አየር ይቆጥረዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ግን በጦርነቱ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ወድቀው ነበር፤ በዚያ ጊዜ የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት ተቋርጧል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ከዚያ በፊት በሰኔ 2011 ዓ.ም. የአማራ ክልል ፕሬዚዳንትና ሌሎች ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ብዙ ሰው በቪፒኤን ተጠቅሟል። እገዳው በተነሳ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋርጦ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ይጀመራል፣ ያልቃልም።

ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠሩ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። በማንኛውም ስልክ ይሠራል፣ ዳታም አይጠይቅም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። 71ኛው ፊደል ሲጨመር መልእክቱ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ወጪውም እጥፍ ይሆናል። «ደሴ ከተማ 1 ለ 0፣ 34ኛ ደቂቃ» የሚለው በደንብ ይበቃል። የአሠልጣኙን ቃለ ምልልስ ግን በዚህ መላክ አይታሰብም። አጭር መልእክትም ቢሆን ፍጹም ዋስትና የለውም፤ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በአገሪቱ ተዘግቶ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነበር።

ሁለተኛው በሜዳው ውስጥ ብቻ የሚሠራ ዋይፋይ ነው። እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተርና አንድ ማሰራጫ በባትሪ ይቀመጣሉ። ደጋፊው ሲገናኝ አሰላለፉን፣ ውጤቱንና የሌሎችን አስተያየት የያዘ ገጽ ይከፈትለታል። ከዓለም ጋር ባይገናኝም ከጎኑ ካለው ሕዝብ ጋር ያገናኘዋል። መብራት ቢጠፋ ባትሪው ያቆየዋል። ድክመቱ አንድ ተራ ማሰራጫ በአግባቡ የሚያስተናግደው ከብዙ አሥር እስከ መቶ ሰው ገደማ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መጀመር ያለበት ሜዳውን በሙሉ ለመሸፈን በመመኘት ሳይሆን ከአንድ ጥግ፣ ማለትም የደጋፊ ማኅበሩ ከሚቀመጥበት ነው።

ሦስተኛው ስልክ ለስልክ በብሉቱዝ የሚቀባበሉበት መረብ ነው። እያንዳንዱ ስልክ የተቀበለውን መልእክት በአጠገቡ ላለው ያሳልፋል፤ ሰው በበዛ ቁጥር መረቡ ይጠናከራል፣ ይህም ከሞባይል ኔትወርክ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋየርቻት በዚያው ዓመት በሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ዘንድ በሰፊው ተሠርቶበታል። ብሪጅፋይ የተባለው ሌላው መተግበሪያ ደግሞ ለኮንሰርትና ለስታዲየም ታስቦ ተሠርቶ በኋላ ለተቃውሞ ሰልፍ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የለንደን ሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የብሪጅፋይ መልእክቶች ሊነበቡና የላኪው ማንነት ሊታወቅ እንደሚችል አሳዩ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ የምሥጢር አጠባበቁን ቀየረ። ለኳስ ውጤት ምሥጢር አያስፈልግም ይባል ይሆናል። በግጭት ውስጥ ባለ ክልል ግን ስልክ ለስልክ የሚሠራ መተግበሪያ መያዝ ራሱ በኬላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ሠሪው ይህን ከቴክኒኩ በፊት ማሰብ አለበት።

ስድብ፣ ወሬና ሕግ

በስታዲየም ውስጥ የሚጻፍ ነገር በስታዲየም አይቀርም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው በወልድያ፣ የወልድያና የመቀለ ከተማ ክለቦች ሊጫወቱ በነበረበት ቀን በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀርቷል። ወልድያ በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ የተመረቀ ሳይሆን ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 25,155 ሰው የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ነበራት። ጥሩ ሜዳ ብቻውን ሰላማዊ ጨዋታ እንደማያመጣ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ የለም። የደጋፊዎች መተግበሪያ የተሳሳተ ወሬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሺህ ስልክ ላይ ሊያደርስ የሚችል መሣሪያ ነው፤ «አውቶቡሳቸው ተመታ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ለሚሠራጭ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን ያከብዳል። የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪም ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሳ ይጠይቃል። አንድ ተማሪ ለክለቡ የአስተያየት መስጫ ገጽ ሲከፍት በዚህ ሕግ ዓይን አገልግሎት ሰጪ ሊሆን ይችላል። የኳስ ጨዋታ ደግሞ 90 ደቂቃ ስለሆነ 24 ሰዓት ለጉዳቱ በጣም ይዘገያል። አስተያየት የሚያጣራ ሰው ጨዋታው እየተካሄደ መቀመጥ አለበት።

ማሽን ይህን ሥራ በአማርኛ በቀላሉ አይሠራም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ይለያያሉ፤ አንድን ቃል የሚከለክል ማጣሪያ ቃሉ በሌላው ፊደል ሲጻፍ ያልፈዋል። ብዙ ወጣት አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ያም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ከኮምቦልቻ አጠገብ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስላለ በሜዳው ኦሮምኛም ይሰማል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመሥራት በፊት ፊደላቱን ወደ አንድ መልክ መመለስ የመጀመሪያው ሥራ ነው። በጨዋታ ሰዓት ነጻ ጽሑፍን ገድቦ ለጎል፣ ለካርድ፣ ለቅያሪና ለምርጥ ተጫዋች ምርጫ የተዘጋጀ ቁልፍ ብቻ መክፈት ደግሞ ቀላሉ መንገድ ነው። ስሜት ይቀንሳል፤ ስድቡም አብሮ ይቀንሳል።

የደጋፊውን ስልክ ቁጥር፣ ቦታና የክለብ ምርጫ መሰብሰብን በተመለከተ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይሠራል። በግጭት አካባቢ ማን የትኛውን ክለብ እንደሚደግፍ የሚያሳይ ዝርዝር እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ስም ሳይጠይቅ የሚሠራ ሥርዓት ለሁሉም ይሻላል።

የሐሳብ ባለቤትነት

አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣለት ቀድሞ የሚፈራው «ይሰርቁኛል» ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቃል፣ ከፕሮግራሙ በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ግን አይጠብቅም። ስለ ፈጠራ ሥራዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ለፓተንት ከሚሰጡት ውጪ ያደርገዋል። በተግባር ሐሳቡን የሚጠብቀው የተጻፈ ኮድ፣ የንግድ ምልክት እና ከክለቡ ጋር የተፈረመ ውል ነው። ከሦስቱ ውሉ ይቀድማል፤ ክለቡ ስሙንና ዓርማውን እንዲጠቀሙበት ካልፈቀደ መተግበሪያው ደጋፊ አያገኝም።

ገቢ

ከደጋፊው በቀጥታ ገንዘብ ለመሰብሰብ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር መንገዱን አቅልሎታል፤ የመግቢያ ትኬት፣ የደጋፊነት መዋጮና የማልያ ሽያጭ በስልክ ሊከፈሉ ይችላሉ። በውጭ አገር ከሚኖር ተወላጅ የሚመጣ መዋጮ ለትንሽ ክለብ ከማስታወቂያ ሊበልጥ ይችላል። ከማስታወቂያ በኩል ከዚህ በፊት ዋና ስፖንሰር የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን በጥብቅ ከገደበ ወዲህ እንደ ቀድሞው አይገኙም።

ፈጥኖ ገንዘብ የሚያቀርበው የስፖርት ውርርድ ነው፤ አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥን ከሜዳው በሴኮንዶች ይዘገያል፣ በኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 ሴኮንድ በላይ። በሜዳ ያለ ሰው የሚልከው አጭር መልእክት ከሁለቱም ይቀድማል። በዚህ ክፍተት ለመወራረድ ሰው ሜዳ ማስቀመጥ በቴኒስ ውድድሮች የታወቀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ኦፕን ላይ ፖሊስ አንድ ሰው በዚሁ ጉዳይ ይዞ ነበር፤ ክሱ በኋላ ተቋርጧል። የቀጥታ ውጤት የሚልክ የሜዳ መተግበሪያ ከውርርድ ድርጅት ገንዘብ ሲቀበል ለደጋፊ የተሠራው ፍጥነት ለተወራራጅ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። በታችኛው ሊግ ተጫዋቾችና ዳኞች የሚያገኙት ክፍያ አነስተኛ ስለሆነ ለማጭበርበር የሚቀርብ ግፊት እዚያ ይበረታል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የሊግ አስተዳዳሪዎች በሌላ አገር የጨዋታ መረጃን ማን ከሜዳ መላክ እንደሚችል በውል ይወስናሉ።